ጣት እንኳ ማንቀሳቀስ ለማይችለው ታካሚ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2017፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ። አንዲት የ75 ዓመት አዛውንት ጭንቅላታቸው ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተኝተው ሲታከሙ ሰንብተው እየተሻላቸው ነበር። የምስል ምርመራ ይቀራቸዋል። ጠባብ ቦታ ስለሚያስፈራቸው መሣሪያው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የሚያረጋጋ መድኃኒት በትንሹ እንዲሰጣቸው ታዘዘ፤ በንግድ ስሙ ቨርሰድ፣ በመድኃኒትነት ስሙ ሚዳዞላም የሚባለው።

ነርሷ በኮምፒውተር ወደሚከፈተው የመድኃኒት ካቢኔ ሄደው የቨርሰድን የመጀመሪያ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ። ካቢኔው መድኃኒቱን የመዘገበው ሚዳዞላም ብሎ ስለነበር የፈለጉት አልወጣም። መቆጣጠሪያውን አልፈው እንደገና ሲፈልጉ በነዚያው ሁለት ፊደላት የሚጀምር ሌላ ስም መጣ፦ ቬኩሮኒየም። ብልቃጡን አነሱት። ሚዳዞላም ፈሳሽ ነው፤ በእጃቸው የያዙት ግን ዱቄት ስለነበር መበጥበጥ ነበረበት። ክዳኑ ላይ መድኃኒቱ ሽባ እንደሚያደርግ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ታትሟል። ተበጠበጠ፣ ተሰጠ፣ ነርሷም ወደ ሌላ ሥራቸው ሄዱ። ታካሚዋን የሚከታተል መሣሪያ አልተገጠመላቸውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲታዩ ትንፋሻቸውም የልብ ምታቸውም ቆሟል። ልባቸውን መልሶ ማስነሣት ቢቻልም በማግስቱ አረፉ።

ነርሷ እ.ኤ.አ. በ2022 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለው የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተፈረደባቸው። ፍርዱ በብዙ ነርሶች ዘንድ ቁጣና ድንጋጤ ፈጥሯል። እኔም ጥያቄውን በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጭኖ ማለፍ ይከብደኛል። ያላዩትን ማስጠንቀቂያ ማየት ነበረባቸው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ትንፋሽ የሚያቆም መድኃኒት ሁለት ፊደል በመጻፍ ብቻ እጅ የሚገባበት ቦታ ምን ይሠራ ነበር? እንደ ቬኩሮኒየም ስላሉ መድኃኒቶች ደኅንነት የሚነሣው ነገር ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይመጣል፤ አደጋው የሚጀምረው መርፌው ክንድ ላይ ከማረፉ ብዙ ቀደም ብሎ ነውና።

ጡንቻን የሚያዝሉ መድኃኒቶች ሥራቸው አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ነርቭ ጡንቻን የሚነካባት መገናኛ ላይ። እጃችንን ለማንሳት ስናስብ መልእክቱ በነርቩ ወርዶ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያስረጫል፤ ንጥረ ነገሩ ጡንቻው ላይ ያለውን ተቀባይ ሲይዝ ጡንቻው ይኮማተራል። ቬኩሮኒየም፣ ሮኩሮኒየም፣ አትራኩሪየምና ሲሳትራኩሪየም ይህንኑ ተቀባይ ቀድመው ይይዙታል፤ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ፣ ራሳቸው በሩን አይከፍቱም፣ ሌላውንም አያስገቡም። ልብ በዚህ መንገድ ስለማይታዘዝ መምታቱን ይቀጥላል፤ አንጀትም እንደዚሁ። እጅ፣ እግር፣ አንገት፣ የዓይን ቆብ፣ በመጨረሻም ደረትና ሆድን የሚለየው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ሁሉም ይዝላሉ።

አእምሮ ግን አይነካም። ያያል፣ ይሰማል፣ ያመዋል፣ ይፈራል።

ይህ ዛሬ የታወቀ ይምሰል እንጂ በአንድ ወቅት ያጨቃጭቅ ነበር። የእነዚህ መድኃኒቶች ቅድመ አያት ኩራሬ ነው፤ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለአደን ቀስታቸውን የሚነክሩበት የዕፅ መርዝ። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መርዙ ነርቩንም ጡንቻውንም ሳይገድል በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት እንደሚቆርጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1942 ሃሮልድ ግሪፊትና ኢኒድ ጆንሰን ሞንትሪያል ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን በወሰደ ታካሚ ላይ ተጠቀሙበት። ጡንቻው ሲላላ የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ቀለለ፣ መድኃኒቱም በፍጥነት ተስፋፋ። ያኔ ግን ኩራሬ ራሱ ያስተኛል፣ ሕመምም ያስታግሳል ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች ነበሩ። ዝሎ የማይንቀሳቀስ ሰው ያንቀላፋ ይመስላላ።

ክርክሩን ለመቁረጥ የሰመመን ሐኪሙ ስኮት ስሚዝ ራሳቸውን አቀረቡ። በዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ አንዳች ማስተኛ ሳይወስዱ፣ ትንፋሽ ለማቆም ከሚበቃው ሁለት ጊዜ ተኩል የሚሆን የኩራሬ መጠን በደማቸው ውስጥ ተንቆረቆረ። ባልደረቦቻቸው እየተነፈሱላቸው ጥያቄ ይጠይቋቸዋል፤ እርሳቸውም መንቀሳቀስ በሚችል ጡንቻ ሁሉ ይመልሳሉ። ንግግሩ ሲጠፋ በጣት፣ ጣቱ ሲዝል በቅንድብ። ቅንድቡም ቆመ። ኋላ ኃይላቸው ሲመለስ በክፍሉ የተባለውንና የተደረገውን ሁሉ ተናገሩ፤ አንድ ቅጽበት እንኳ ራሳቸውን አልሳቱም ነበር። ምራቃቸው ጉሮሯቸው ላይ ተጠራቅሞ የሚታነቁ መስሏቸው እንደነበርም ገለጹ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1947 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ጡንቻ ማዛያ ብቻውን ሰጥቶ ታካሚው ተኝቷል ማለት የእውቀት ማነስ ሳይሆን ጭካኔ ነው።

ታዲያ ቀድሞውኑ ሞትና ሕይወት መካከል ላለ ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት ለምን ይሰጣል?

አገራችን ቬንቲሌተር የሚለውን ቃል በየቤቱ የተማረችው በኮቪድ ጊዜ ነው፤ የአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከልነት በተቀየረበት ዓመት። ሳንባው በእብጠትና በፈሳሽ የተሞላ ሰው ቬንቲሌተር ላይ ሲሆን መሣሪያው አየር የሚያስገባበት ምትና የሰውየው የራሱ የትንፋሽ ምት ሊጣሉ ይችላሉ። መሣሪያው ሲያስገባ እርሱ ያስወጣል፤ መሣሪያው ሲጨርስ እርሱ ገና ይስባል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለሙያዎች "ታካሚው ከማሽኑ ጋር እየተጣላ ነው" የሚሉት ይህን ነው። ጠቡ የቆሰለውን ሳንባ ይበልጥ ያቆስለዋል፣ ያለችውንም ኦክስጅን የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ይጨርሷታል። የማስተኛ መድኃኒቱ ተስተካክሎ፣ የመሣሪያው ቅንብር ተቀይሮ አልረጋ ሲል ጡንቻውን ማሳረፍ ጊዜ ይገዛል። የቴታነስ ታካሚ ደግሞ አለ። በር በተዘጋ ቁጥር፣ መብራት በበራ ቁጥር ጀርባው እንደ ደጋን የሚለጠጥ፣ መንጋጋው የሚቆለፍ፣ ትንፋሹ የሚያዝ። እርሱን ከሕይወት ጋር የሚያቆየው አንዳንዴ ይኸው መድኃኒትና ቬንቲሌተሩ ናቸው። የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ለቀናት የሚሰጠውን በተመለከተ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሐኪሞችን በተለያየ አቅጣጫ ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የፈረንሳዮቹ ጥናት 340 ጽኑ የሳንባ ጉዳት ያለባቸው ታካሚዎችን ይዞ ለ48 ሰዓት ሲሳትራኩሪየም የተሰጣቸውን ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጸረ። በ90 ቀን ውስጥ ከተሰጣቸው 31.6 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 40.7 በመቶ ሞቱ፤ የሕመሙ ክብደት በስሌት ሲስተካከል ልዩነቱ ለመድኃኒቱ አደላ። ብዙ ክፍሎች ልማዳቸውን ቀየሩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ 1,006 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት መጣና ሞቱ 42.5 እና 42.8 በመቶ ሆነ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። በሁለተኛው ጥናት መድኃኒቱ ያልተሰጣቸው ሰዎች በቀላሉ ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ነበሩ። ለእኔ ትልቁ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሳይሽመደመድ፣ በቀላል ማስተኛ ሊያልፍ የሚችል ብዙ ታካሚ አለ። የአውሮፓ የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ሳንባው ከኮቪድ ውጭ በሆነ ምክንያት ለተጎዳ ታካሚ በልማድ እንዳይሰጥ መከረ፤ የአሜሪካው የደረት ሕክምና ማኅበር በ2024 በጅምሩ በጣም ለጠናበት ታካሚ እንዲታሰብበት አለ። ክርክሩ አላለቀም። አልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም ግን አንድ ነገር በየዕለቱ መጠየቅ ይችላል፦ ይህ ሰው ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?

ያስፈልገዋል ከተባለ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። በመጀመሪያ ሕመም ማስታገሻ፣ ቀጥሎ በጥልቀት የሚያስተኛ፣ መተኛቱ በምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ጡንቻ ማዛያው። ከተሰጠ በኋላ መመርመር አይቻልምና። "እጄን ጨብጥ" ቢሉት አይጨብጥም፤ ቢቆነጥጡት ፊቱን አያኮማትርም። የሚቀሩት ምልክቶች የልብ ምት መፍጠን፣ የደም ግፊት መጨመር፣ ላብና እንባ ናቸው። እነርሱም አሳሳች ናቸው፤ ትኩሳትም ልብ ያስሮጣል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ይደብቃቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ በሚፈስበት ጊዜ ማስተኛውን "ዝም ብሏል" ብሎ መቀነስ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። የሚጥል በሽታ ቢነሣበትም አይታይም፤ አንጎሉ እየተናወጠ ገላው ጸጥ ይላል።

አደጋው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቻ አይወሰንም። ሴንት ሉዊስ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ቱቦ ገብቶላቸው በኋላ መናገር የቻሉ 383 ሰዎች ሲጠየቁ ዐሥሩ ሽባ ሆነው ሳሉ ነቅተው እንደነበር ተረጋገጠ። ከዐሥሩ ሰባቱ የወሰዱት ሮኩሮኒየም ነው። ምክንያቱ ከመድኃኒቶቹ ዕድሜ ይነሣል። ቱቦ ለማስገባት የሚሰጡት ብዙዎቹ ማስተኛዎች በደቂቃዎች ያልፋሉ፤ በከፍተኛ መጠን የተሰጠ ሮኩሮኒየም ግን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቱቦው ገብቶ ሁሉም እፎይ ሲል፣ ስልክ ሲደወል፣ አልጋው ሲገፋ፣ ታካሚው ነቅቶ ሊያዳምጥ ይችላል። የማስተኛው ፈሳሽ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በአልጋው ዙሪያ የሚደረገውን ቀረብ ብለን እንየው። ነርስዋ ሁለት ትንንሽ ተለጣፊዎች በታካሚው የእጅ አንጓ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ታኖራለች፤ ከሥራቸው ነርቭ ያልፋል። ኪስ የሚያህለው ነርቭ ማነቃቂያ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አራት ጊዜ ቀላል ኤሌክትሪክ ይልካል። ዓይኗ አውራ ጣቱ ላይ ነው። መድኃኒት ያልወሰደ ሰው አውራ ጣት አራት ጊዜ ወደ መዳፉ ይሳባል። መድኃኒቱ ሲገባ መጀመሪያ አራተኛው ይጠፋል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አንድ ወይም ሁለት እንዲቀር ነው። ምንም ካልቀረ መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኗል፣ ይቀነሳል። እጁ ያበጠ፣ የቀዘቀዘ ወይም ተለጣፊው የተንሸራተተ እንደሆነ መሣሪያው ይዋሻል፤ ስለዚህ የአሜሪካ የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው በዚህ ቆጠራ ብቻ እንዳይወሰን፣ ታካሚው ራሱም በየጊዜው እንዲታይ ይመክራል።

ቀጥላ ወደ ዓይኑ ትሄዳለች። ዓይኑን ማርገብገብ የማይችል ሰው ቆቡ በከፊል ተከፍቶ ይቀራል፤ የብሌኑ ሽፋን ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ከሞት ተርፎ ዓይኑን ማጣት ማለት ነው። መከላከያው በጣም ርካሽ ነው፦ በየጥቂት ሰዓቱ ጠብታ ወይም ቅባት፣ ከዚያ ቆቡን ገጥሞ መሸፈን። ያው መመሪያ ብዙውን ነገር በለሰለሰ ቃል ሲያልፍ የዓይን እንክብካቤን ግን ያለማመንታት አዝዟል። ውድ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታልም ይህ ሊቀር የሚችልበት ምክንያት የለም። ገላውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዝና ጀርባ እንዳይቆስል መደገፍ፣ የደም መርጋት መከላከያ፣ መገጣጠሚያዎቹን ማንቀሳቀስ፣ እነዚህ ሁሉ፣ ሰው በራሱ ገላ ሳያስበው የሚያደርገውን ሌላ ሰው እንዲያደርግለት ነው።

እዚህ ላይ ለአስታማሚ ቤተሰብ አንድ ቃል። ክፍሉ ሲፈቅድ አጠገቡ ገብታችሁ ስትቆሙ እንደሚሰማችሁ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። ስሙን ጥሩት፣ ቀኑን ንገሩት፣ እጁን ያዙት። ስለ ሐኪሙ ተስፋ መቁረጥ፣ ስለ ወጪው፣ ስለ ለቅሶ ራስጌው ላይ አትነጋገሩ። ባለሙያዎቹም ከመንካታቸው በፊት "አሁን ላገላብጥህ ነው" ማለት አለባቸው። የማስተኛው ጥልቀት ልክ መሆኑን ማንም በፍጹም እርግጠኝነት ማወቅ አይችልም፤ ጸጥ ያለ ገላ ነቅቶ ሊሰማ እንደሚችል ደግሞ ስሚዝ በራሳቸው ላይ አሳይተዋል።

ከመድኃኒቶቹ ውስጥ የትኛው ይመረጥ የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር የተለየ ክብደት አለው። በቀዶ ሕክምና ክፍሎቻችን የተለመዱት ሳክሲኒልኮሊንና ቬኩሮኒየም ናቸው። ሳክሲኒልኮሊን በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሠራል፣ ከዐሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልፋል፤ ለድንገተኛ ቱቦ ወደር የለውም። ነገር ግን በደም ውስጥ ፖታሲየም ያፈስሳል። በጤናማ ሰው ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ከቀናት በፊት በቃጠሎ የተጎዳ፣ ሕብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ወይም ለብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው ላይ ግን ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ የሚሞላው በእነዚሁ ሰዎች ነው። ለቀዶ ሕክምና በየቀኑ ያለ ችግር የሚሰጠውን እጅ በለመደው መንገድ እዚያ መድገም አይቻልም።

ቬኩሮኒየም ዱቄት ስለሆነ ከሳክሲኒልኮሊን፣ ከሮኩሮኒየምና ከአትራኩሪየም በተለየ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ ከኩላሊት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት መድኃኒቱ ለቀናት ከተሰጣቸው 16 ጽኑ ሕሙማን ውስጥ ሰባቱ ከቆመ በኋላም ከ6 ሰዓት እስከ 7 ቀንና ከዚያ በላይ ሽባ ሆነው መቆየታቸውን አሳየ፤ የኩላሊት መድከም ባለባቸው የመድኃኒቱ ተረፈ ምርት ራሱ ኃይል እያለው በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጄንታማይሲንና ማግኒዚየም ሰልፌት ሲጨመሩ ደግሞ መዛሉ ይጠነክራል፤ ሁለቱም በእኛ ሆስፒታሎች የዕለት ተዕለት መድኃኒቶች ናቸው። አትራኩሪየምና ሲሳትራኩሪየም በዋናነት በደም ሙቀትና አሲድነት በራሳቸው ይፈርሳሉ፣ ኩላሊትና ጉበትን ብዙም አይጠብቁም። አትራኩሪየም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ኩላሊቱ ለደከመ ታካሚ ማቀዝቀዣው ውስጥ ጥቂት ብልቃጥ ማስቀመጥ ለግዢ ክፍሉ ቅንጦት መምሰል የለበትም።

ስለ ማስቀመጫው ካነሣን ናሽቪል ያስተማረችው ግልጽ ነው። እነዚህ ብልቃጦች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በአንድ መሳቢያ አይቀመጡ። ክዳን ያለው የራሳቸው ሳጥን፣ በላዩም በትልቁ "ሽባ ያደርጋል፣ ትንፋሽ ያቆማል" የሚል በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ይኑር። ታካሚ ቬንቲሌተር ላይ በማይሆንበት ክፍል ጭራሽ አይገኙ። የተበጠበጠ መድኃኒት ያለ ስም በስሪንጅ ተቀድቶ ትሪ ላይ አይቀመጥ፤ ንጹሕ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ነውና፣ ለመስመር ማጠቢያ ተብሎ የቀጣዩ ሰው ደም ሥር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲሰጥም ሁለተኛ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ያንብብ። ሥራው ሲያልቅ መስመሩ ውስጥ የቀረው ጠብታ ይታጠብ፤ ቱቦው ወጥቶለት ራሱ መተንፈስ የጀመረ ሰው በዚያው መስመር ሌላ መድኃኒት ሲሰጠው የቀረችው ጥቂት መጠን ትንፋሹን ልታቆም ትችላለች።

መድኃኒቱ ሲቆም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ጡንቻ ማዛያው ይቆማል፣ ማስተኛው ግን ባለበት ይቀጥላል። አውራ ጣቱ አራቱንም ጊዜ በኃይል ሲሳብ፣ ታካሚው መተንፈስ ሲሞክር፣ ያኔ ብቻ ማስተኛው ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ኒዮስቲግሚን የመድኃኒቱ ማርከሻ ነው ቢባልም መዛሉ ገና ጥልቅ ሳለ አይሠራም፤ ቬኩሮኒየምንና ሮኩሮኒየምን ፈጥኖ የሚያነሣው ሱጋማዴክስ ዋጋው ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ከዚያም በኋላ እጆች ማንኪያ ለማንሳት የሚከብዳቸው ሳምንታት ይመጣሉ፤ ጽኑ ሕመሙ፣ ስቴሮይዱ፣ ሳይንቀሳቀሱ መተኛቱ ተደምረው ጡንቻን ይበላሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከሌለ ነርስዋ ለአስታማሚው ታሳየዋለች፦ ክርኑን እንዴት እንደሚያጥፍና እንደሚዘረጋ፣ ተረከዙን ይዞ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያነሣ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ሲያመው የት ላይ እንደሚያቆም።